የባልቲሞር ከተማ በእውነተኛ ስሟ በድራማ ውስጥ ስለ መታየቷ

ድራማ ጽፎ የሚያሳይ ሰው ለታሪኩ ቦታ ሲመርጥ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በሐሳብ የተፈጠረች ከተማ ማቆም ነው፤ ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ከንቲባ አይቀየመውም፤ የሰፈር ሽማግሌም አያማርረውም። ሁለተኛው ግን ከነስሟ፣ ከነመንገዷ፣ ከነወደቧ የምትታወቀውን ከተማ ወስዶ፣ ሰዎቿ እያዩ ታሪኩን በመካከሏ መትከል ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ከሄዱት መካከል እጅግ የጠለቀው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር ከተማ የተሠራው «ዘ ዋየር» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ይመስለናልና፣ ስለ እርሱ በዚህ ገጽ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። «ዋየር» ማለት ሽቦ ማለት ነው፤ ስሙም የወጣለት ፖሊሶቹ የወንጀለኞቹን ስልክ ጠልፈው ስለሚያዳምጡ ነው። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ድራማው ከ2002 ዓ.ም. እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በአምስት ክፍል፣ በጠቅላላው በ60 ምዕራፍ ታየ። አንደኛው ክፍል ስለ አደንዛዥ ዕፅ ንግድ፣ ሁለተኛው ስለ ወደብ ሠራተኞች፣ ሦስተኛው ስለ ከተማው አስተዳደር፣ አራተኛው ስለ ትምህርት ቤት፣ አምስተኛው ስለ ጋዜጣ ይናገራል። ደራሲው ሚስተር ዴቪድ ሳይመን አስቀድመው «ባልቲሞር ሰን» በተባለው ጋዜጣ የወንጀል ወሬ ጸሐፊ ነበሩ። ባልደረባቸው ሚስተር ኤድ በርንስ ደግሞ 20 ዓመት በፖሊስነት ካገለገሉ በኋላ በዚያችው ከተማ አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። እንግዲህ ሁለቱም ከተማዪቱን ያወቋት በወሬ ሳይሆን በእግራቸው ረግጠው ነው።

ባልቲሞር ከዋሽንግተን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በ1950 ዓ.ም. 950 ሺሕ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ዓ.ም. በተቈጠረ ጊዜ ግን 585,708 ሰው ብቻ ተገኘ። ሰው ሲሄድ ቤት ተከትሎት አይሄድምና፣ በጡብ ተሠርተው ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙት የሠራተኛ ቤቶች በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩት ወና ሆነው ቀሩ። በሮቻቸውና መስኮቶቻቸውም በሳንቃ ተመቱ። በአራተኛው ክፍል እነዚህ ወና ቤቶች የታሪኩ ምሥጢር መደበቂያ ናቸው፤ ነፍሰ ገዳዮቹ የገደሉትን ሰው ወደ ውስጥ አግብተው ሳንቃውን መልሰው ይመቱበታል። በሳንቃው ላይም «ከውስጥ እንስሳ ተዘግቶበት እንደ ሆነ በስልክ አስታውቁ» የሚል ትርጕም ያለው ማስታወቂያ ይታያል። ይህን ማስታወቂያ ደራሲው አልፈጠሩትም፤ በእውነት በከተማዪቱ ወና ቤቶች ላይ ይገኝ የነበረ ነው። ደራሲው ያደረጉት ነገር ቢኖር የሰው ሬሳ ከተደበቀበት ደጃፍ ላይ እንዳለ እንዲታይ መተው ብቻ ነው። እኛም ይህን ስናይ፣ እውነተኛ ዕቃ በእውነተኛ ቦታው ሲቀመጥ ብዙ ንግግር የማያደርገውን እንደሚያደርግ ተረዳን። ወናዎቹ ቤቶች ድራማው ካለቀም በኋላ ሰው መጕዳታቸውን አልተዉም፤ በጥር ወር 2022 ዓ.ም. ከእነርሱ አንዱ ሲቃጠል ተደርምሶ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

በሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ «ፍራንክሊን ቴሬስ» የሚባሉ ረጃጅም ሕንጻዎች በፈንጂ ይፈርሳሉ። ስሙ የድራማው ፈጠራ ነው፤ ነገሩ ግን ፈጠራ አይደለም። ለድኾች መኖሪያ ተሠርተው የነበሩት ላፋየት ኮርትስ በ1995፣ ሌክሲንግተን ቴሬስ በ1996፣ መርፊ ሆምስ በ1999፣ ፍላግ ሃውስ በ2001 ዓ.ም. በየተራቸው ፈርሰዋልና። በድራማው ከንቲባው ስለ አዲስ ዘመን ንግግር ሲያደርጉ፣ በዚያ ሰፈር ያደጉ ሁለት ጐልማሶች ቆመው ይመለከታሉ። አንደኛው ክፉም ቢሆን ልጅነቱ ያለፈበት ቤት ነውና ያዝናል፤ ሁለተኛው ግን ይዘብትበታል። ቀጥሎ አቧራው ተነሥቶ ተመልካቹን ሁሉ ይሸፍነዋል። የሰፈር መፍረስ በቤተ ሰብ ላይ የሚያመጣውን የልብ መከፈል በዚህን ያህል አጭር ጊዜ ያሳየ ሌላ ሥራ አላየንም።

ስለ ምግቡ ብዙ አንናገርም። የባልቲሞር ሰው በቅመም የተቀቀለ ሸርጣን ይወዳልና መርማሪዎቹም በሥራ ቦታቸው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሲሰብሩት ይታያል፤ በእኛ ማዕድ ግን የሚቀርብ አይደለም።

ከቦታዎቹ ይልቅ ያስደነቀን እውነተኞቹ ሰዎች ናቸው። ሚስተር ከርት ሽሞክ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. የባልቲሞር ከንቲባ ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. የአደንዛዥ ዕፅን ነገር በወህኒ ቤት ብቻ ከመመልከት ይልቅ እንደ ሕዝብ ጤና ጕዳይ ማየት ይሻላል ብለው በአደባባይ በመናገራቸው ከየአቅጣጫው ነቀፋ ወረደባቸው። በድራማው በሦስተኛው ክፍል አንድ የፖሊስ አዛዥ ለአለቆቹ ሳይነግር፣ ዕፅ ሻጮቹን ሁሉ ሰው ወደ ለቀቃቸው ጥቂት መንገዶች ሰብስቦ በዚያ ሳይያዙ እንዲነግዱ ይፈቅድላቸዋል። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ የድራማውን ከንቲባ የሚያማክሩት የጤና ሹም ሆነው የተጫወቱት ራሳቸው ሚስተር ሽሞክ ናቸው! የከተማዪቱን ታሪክ የማያውቅ ተመልካች አንድ ሽማግሌ ሹም አይቶ ያልፋል፤ የባልቲሞር ሰው ግን ምን እንደ ተባለ ወዲያው ያውቃል።

እንደዚሁም የሜሪላንድ ገዥ የነበሩት ሚስተር ሮበርት ኧርሊክ፣ በ2006 ዓ.ም. ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በገዥው መሥሪያ ቤት ደጅ ዘበኛ ፖሊስ ሆነው በአራተኛው ክፍል ታይተዋል። የድራማው ከንቲባ ደጅ ሲጠና ከፊቱ ያሉት ዘበኛ እውነተኛው ገዥ መሆናቸው ነው፤ ደጅ መጥናትና ማስጠናት ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን በዚህ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. የፖሊስ ዋና ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ኤድ ኖሪስም በገዛ ስማቸው ተራ መርማሪ ሆነው፣ አለቆችን የሚያማ ቃል ይናገራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚስተር ሜልቪን ዊልያምስ ነገር ነው። እርሳቸው በከተማዪቱ የታወቁ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. እንዲያዙ ያደረገው ምርመራ የሚስተር በርንስ ነበር፤ ታሪካቸውን በጋዜጣ የጻፉት ደግሞ ሚስተር ሳይመን ናቸው። ከእስራት ከተፈቱ በኋላ እነዚያው ሁለቱ ሰዎች ጠርተው የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆነው፣ ወጣቶችን የሚመክሩ ሽማግሌ አድርገው አጫወቷቸው። አሳሪና ታሳሪ፣ ጸሐፊና የተጻፈበት በአንድ ሥራ መገናኘታቸው በሌላ አገር ድራማ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ሚስተር ዊልያምስ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል።

ዳሩ ግን ከተማን ከነስሟ በአደባባይ ማቆም ያለ ቅሬታ አልሆነም። በዚያን ጊዜ ከንቲባ የነበሩት ሚስተር ማርቲን ኦማሊ ድራማውን አልወደዱትም፤ ለከተማዪቱ ዕድገት ሲደክሙ ዓለም የሚያያት በወንጀሏ ብቻ መሆኑ አሳዘናቸው። ይህ ቅሬታ እውነት የለውም አንልም። ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስን የመሰለ ዩኒቨርሲቲና ሐኪም ቤት ያላት ከተማ ስትሆን፣ በሩቅ አገር ያለ ተመልካች ግን የሚያውቃት በመንገድ ማዕዘኖቿና በወና ቤቶቿ ነው። በዚያ ሰፈር ተወልዶ በሐቀኝነት የሚኖር ሰውም የሰፈሩን ስም በተናገረ ቍጥር በዐይን ቢለካ ጕዳቱ የራሱ እንጂ የደራሲው አይደለም። ነገር ግን ስሙ ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ ሹሞቹ «ይህ የሌላ ከተማ ነው» ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበርና፣ በእኛ ፍርድ ከነስሟ መታየቷ ይሻላል። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ቀድሞውንም ያውቁታል፤ የተሰወረው ከሌላው ነው።

የእውነቱና የጨዋታው መቀራረብ አንዳንድ ጊዜ የሚያስቅም ነገር አምጥቷል። ከዚህ ቀደም በሚስተር ሳይመን መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ከ1993 እስከ 1999 ዓ.ም. «ሆሚሳይድ» የተባለ ድራማ በዚያችው ከተማ ተሠርቶ ነበር። የፖሊስ ጣቢያ ሆኖ የሚታየው በፌልስ ፖይንት ሰፈር በ1914 ዓ.ም. የተሠራ የወደብ ሕንጻ ነበር። አንድ ቀን ከሱቅ የሰረቀ ሰው እውነተኛ ፖሊስ ሲያባርረው ድራማው ወደሚቀረጽበት ቦታ ሮጦ ቢገባ፣ ተዋንያኑን ፖሊሶች መስለውት እጁን ሰጠ ይባላል። ያ ሕንጻ በ2017 ዓ.ም. የባለጠጎች ሆቴል ሆኗል።

ለቤተ ሰብ አባቶችና እመቤቶች ከአምስቱ ሁሉ አራተኛውን ክፍል እናመለክታለን። በእርሱ አራት ልጆች ማይክል፣ ናሞንድ፣ ራንዲና ዱኪ በአንድ ክፍል ሲማሩ እናያለን። ዱኪ ወላጆቹ በሱስ የተያዙ ስለሆኑ ልብሱ ንጹሕ አይደለም፤ አስተማሪው በትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲታጠብና ልብስ እንዲያገኝ ያደርግለታል። ራንዲን የምታሳድገው ሌላ ሴት ናት፤ ለፖሊስ ጥቂት ቃል በመናገሩ «አሳባቂ» ተብሎ ቤታቸው ይቃጠልና ልጁ ወደ ማሳደጊያ ቤት ይመለሳል። ናሞንድን ደግሞ ገዛ እናቱ አባቱ ወደ ታሰረበት ንግድ ስትገፋው፣ ጡረታ የወጣው ያው የፖሊስ አዛዥ ወስዶ እንደ ልጁ ያሳድገዋል። ከአራቱ የዳነው ይህ አንዱ ነው፤ የዳነውም ከሌሎቹ በልጦ ሳይሆን እጁን የሚይዝ ሰው ስላገኘ ነው። ሚስተር በርንስ በክፍል ውስጥ ያዩትን ባያውቁ ኖሮ ይህ እንዲህ ሊጻፍ አይችልም ነበር። ቋንቋው ግን ስድብ የበዛበት፣ ሥዕሉም ደም ያለበት ስለሆነ ሕፃናት ከተኙ በኋላ እንዲታይ እንመክራለን።

ሁለተኛው ክፍል የወደቡ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ፖሊስ በጀልባ ሆኖ በድሮው የቤትሌሄም ብረት ፋብሪካ አጠገብ ሲያልፍ አባቱ በዚያ ይሠራ እንደ ነበረና እንደ ተባረረ ያወራል፤ ፋብሪካው ራሱ በ2012 ዓ.ም. ፈጽሞ ተዘግቷል። የወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ የሆነው ፍራንክ ሶቦትካ የእህል ጐተራው ወደብ እንደገና ሥራ እንዲጀምር ሲደክም፣ ሌሎች በቦታው የባለጠጎች መኖሪያ ሊሠሩበት ያስባሉ። ይህ በ2003 ዓ.ም. ታየ። በ2009 ዓ.ም. በሎከስት ፖይንት ሰፈር የነበረው ትልቅ የእህል ጐተራ በእውነት «ሳይሎ ፖይንት» የሚባል ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፈልበት መኖሪያ ሆነ።

ይህ ሶቦትካ ለልጁና ለወንድሙ ልጅ ሲል ወንጀለኞቹን ለማነጋገር ብቻውን የሚሄደው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሥር ነው፤ ከዚያም በሕይወት አይመለስም። ድልድዩ በ1977 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን በመጋቢት ወር 2024 ዓ.ም. «ዳሊ» የተባለች የዕቃ መርከብ በሌሊት ምሰሶውን መታችውና ወደ ውሃው ወደቀ። በላዩ ላይ መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሁሉም ከሜክሲኮ፣ ከጓቴማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤል ሳልቫዶር መጥተው ቤተ ሰባቸውን የሚረዱ ነበሩ። ድልድዩ እንደ ቀድሞው ቆሞ፣ ብረቱ በሰማዩ ላይ ተዘርግቶ፣ አንድ አባት ከሥሩ ሲራመድ ማየት የሚወድ ሰው በሁለተኛው ክፍል በ11ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ያገኘዋል።