ስፒከርህን በማታውቀው ዘፈን አትፈትነው

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ በመጨረሻ ገዛሁት!» ብሎ ጻፈልኝ። ከሥሩ የሁለት ቁመታም ስፒከሮችና የአንድ አምፕሊፋየር ፎቶ አለ። ዋጋውን ሳልጠይቀው ነገረኝ። የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ በሆዴ አሰላሁና «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ቀጥሎ «ምን ልክፈትበት? ይሄ ምርጥ ነው አሉኝ» ብሎ አንድ ዝርዝር ላከልኝ።

ዝርዝሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የድምፅ ጥራት ወዳጅ ነኝ የሚል ሁሉ የሚቀባበለው ነው። ኢግልስ እ.ኤ.አ. በ1994 በመድረክ የተጫወቱት «ሆቴል ካሊፎርኒያ» አለ። የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» አለ። በ1976 ስቶክሆልም፣ አንድ የጃዝ ክለብ ውስጥ የተቀረጸው «ጃዝ አት ዘ ፖንሾፕ» አለ። የካውቦይ ጃንኪስ «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን»ም አልቀረም። በውስጥ ልመልስለት አስቤ ነበር፤ ግን ይሄንኑ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

ቀረጻዎቹ መጥፎ አይደሉም፤ እሱን ልመን። የመጨረሻው በ1987 ቶሮንቶ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ማይክ ተተክሎ፣ ሙዚቀኞቹ ዙሪያውን ሆነው የተቀዳ ነው። እኔም በሰማሁት ቁጥር ይገርመኛል። የኔ ጸብ ሌላ ነው። ልጄ፣ አንተ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ታውቃለህ? የዘፋኟን ድምፅ ያለ ማይክ ሰምተህ ታውቃለህ? ታዲያ ስፒከሩ እውነት ይናገር ይዋሽ በምን ትለያለህ? «ጥርት ያለ ነው» ትለኛለህ። ጥርት ያለ ውሸትም አለ እኮ! ክራር ግን ታውቃለህ። በገና በዐቢይ ጾም ሲደረደር ሰምተሃል። አንዲት ሴት ሥራ እየሠራች ስታንጎራጉር ምን እንደሚመስል ጆሮህ ከልጅነትህ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ ማንም ሻጭ ሊያታልልህ አይችልም።

በገና ካነሳሁ አይቀር። ከዓመታት በፊት ሌላ ተማሪዬ የዓለሙ አጋን ሲዲ ከፍቶ «ቲቸር፣ ስፒከሬ ተቀደደ መሰለኝ፣ ይነዝራል» ብሎ ደወለልኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ንዝረቱ እኮ በገናው ራሱ ነው! አሥሩ አውታሮች ከታች በሚያርፉበት ቦታ ላይ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ያ የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። በጥሩ ቅጂ ስትሰማው የእያንዳንዱ አውታር ንዝረት ለየብቻው ነው፤ ተነስቶ፣ ወፍሮ፣ ቀጥኖ እስኪጠፋ ድረስ ትከተለዋለህ። በተጨመቀ ፋይል ግን በምጣድ ላይ አሸዋ የሚቆሉ ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤምፒ3 «ይሄን ሰው አይሰማውም» ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው፤ ይበልጥ እንዲያንስ ስታስገድደው የሚሰማውንም መጣል ይጀምራል። እንደ በገና ያለ በጥቃቅን ድምፆች የተሞላ ነገር ቀድሞ ይጎዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ፈተናህ ይሄ ይሁን፦ «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 11።

ተማሪዬን «እስካሁን ምን ሰማህበት?» ብዬ ጠየቅኩት። «ፍላሽ አለኝ፤ 4,000 የድሮ ዘፈን» አለ።

ወይ ጉድ። የአንዷን ፋይል የዘር ሐረግ ልቁጠርልህ። ሸክላው ላይ የነበረው ወደ ካሴት ተገለበጠ። ካሴቱ በሌላ ካሴት ተባዛ፤ ያም እንደገና ተባዛ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሹክሹክታው ጨመረ፣ ጽናጽሉ ደበዘዘ። ከዚያ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ጨምቆ ጫነው፤ ሌላው ዩቲዩብ ላይ ለቀቀው፣ ዩቲዩብም በራሱ መንገድ እንደገና ጨመቀው። ሦስተኛው አውርዶ ቤዝ ጨመረበት፣ ማስተጋቢያ አለበሰው፣ «ሪማስተርድ፣ ኤችዲ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበትና መልሶ ለቀቀው። አንተ ጋ የደረሰው ያ ነው። ወንድሞቼ «ሪማስተር» አድራጊዎች፣ ማስተሩን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ማስተር በሌለበት ሪማስተር ከየት መጣ? ጭማቂው የወጣ ብርቱካን ትልቅ ሳህን ላይ ስላስቀመጡት ጭማቂው አይመለስም። ባለ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርትዝ ፋይል ብለው የሚሸጡላችሁም ምንጩ ይሄው ከሆነ ትልቁን ሳህን ነው የሸጡላችሁ። ምንጩ ንጹሕ ከሆነ የተራ ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርትዝ ለሰው ጆሮ ይበቃል። (የኔማ ጆሮ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል፤ ዕድሜ ደግ አይደለም።)

የፍጥነቱን ነገርማ ተዉት። አንዱ ቴፕ ፈጠን፣ ሌላው ዘገም ሲል የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይሄ በታላላቆቹም ቤት ደርሷል፦ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በ1959 ሲቀረጽ አንደኛው መቅረጫ ቀስ ብሎ ይዞር ስለነበር፣ የመጀመሪያው ገጽ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሸጥ ኖረ። እነሱ ሌላ የተቀመጠ ቴፕ ስለነበራቸው አረሙት። እኛስ?

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር፤ ሰው ስወቅስ ንጹሕ መስዬ መቆም አልፈልግም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የአባቴን ካሴቶች በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ቀዳሁ። ያኔ ሃርድ ዲስክ ጠባብና ውድ ነበር፤ «ቦታ ይቆጥባል» ብዬ እስከሚችለው ድረስ ጨመቅኩት። ካሴቶቹን በካርቶን አድርጌ ለቆራሌው ሰጠሁ። ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ ባይ! ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ አባቴ ከሬዲዮ ዘፈን ሲቀዳ በር ተከፍቶ እናቴ «ቡናው ደርሷል» ስትል ይሰማ ነበር። ልጅ ሆነን በዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንስቅ ነበር። ፋይሉ አሁንም አለኝ። ቃሉ ይሰማል፤ ግን ከውኃ ሥር የሚናገር ሰው ነው፤ የማንም ሴት ድምፅ ሊሆን ይችላል። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው እንደዚያ መሆኑን ያስተዋልኩት። ካሴቱ ዛሬ ቢኖር በጥሩ ቴፕ እንደገና እቀዳው ነበር።

ስለዚህ «ምርጥ ቀረጻ የቱ ነው?» ስትሉኝ መልሴ፣ የምትወዱትን ዘፈን ለምንጩ በጣም የቀረበውን ቅጂ ፈልጉ ነው።

አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በአምሃ ሪከርድስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ከእነዚያና ከሌሎች የዘመኑ ሸክላዎች ብዙዎቹ በቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» ውስጥ ተካተው በሲዲ ይገኛሉ። የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ቁጥር 4 ነው። እሱን ስትከፍት ቤዙ እስኪያንቀጠቅጥ አትጠብቅ፤ ቪብራፎኑ ተመትቶ ድምፁ አየር ላይ ሲቆይ ስማ። የአስናቀች ወርቁ ቁጥር 16፦ ጣቷ ክራሩን ሲለቀው የሚሰማው ስንጥቅ የማይለይ ስፒከር ቢመለስ ይሻላል። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ቁጥር 21 ነው። እዚያ ላይ የድሮ ቀረጻ ሹክሹክታ አለ፤ ተዉት! በሶፍትዌር ካጠባችሁት፣ ጣታቸው ከተነሳ በኋላ የሚቀረውን የድምፅ ጅራት አብራችሁ ነው የምትቆርጡት።

ጥልቅ ቤዝ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ለምትሉ፣ የእጅጋየሁ ሽባባው የ2001 «ጂጂ» አልበም አለ። ቢል ላስዌል ነው ያዘጋጀው፤ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተውበታል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ከየትኛውም አያንስም፤ ግጥሙም ይገባሃል።

የዋልያስና የኃይሉ መርጊያ «ቼ በለው»ም በ1977 ወጥቶ በ2014 በወጉ እንደገና ታትሟል። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ወደ መድረክ የተመለሰው። በፍላሽ መቀባበል ማንም ሙዚቀኛ ከታክሲ አልወረደም።

«ቲቸር፣ የውጭ ካርድ የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው፣ እኔም የለኝም። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያላችሁ ግን ለበዓል ስትመጡ ሽቶ ከምታመጡልን አንድ ሲዲ አምጡልን። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ክፈቱት። ዋናው ካሴት፣ ሽፋኑ ያለው፣ እጅ ያልበዛበት፣ ከ4,000ው ፋይል ይበልጣል። ለቆራሌው አትስጡት።

አንተ ባለ ስፒከሩ፣ እናትህ ቤት የካሴት ካርቶን እንዳለ ነግረኸኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘኸው ና። የቴፑን ሄድ በአልኮል አጽድቼ እጠብቅሃለሁ፤ ሳንጨምቅ እንቀዳዋለን። ስፒከሩን ከዚያ በኋላ እንፈትነዋለን።