ዳኛ የሌለው እቁብ



በዚህ ሰሞን በአሽቀሎን ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ሰው ሲሰበሰብ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «በስልክ ገንዘብ ይቆፈራል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። አንዱ ከወንድሙ ልጅ፣ ሌላዋ ከሥራ ጓደኛዋ፣ ሌላው ደግሞ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመዱ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የግብዣ መልእክት ይደርሰዋል። አፑን መጫን፣ በቀን አንድ ጊዜ መንካት፣ ከዚያም ዘመድ መጋበዝ ነው፤ ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ይጠራቀማል ይባላል።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በጽዳት፣ በጥበቃ ወይም በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ሚሽካንታ የሚከፍል ሰው፣ ያለ ድካም የሚገኝ ገንዘብ አለ ሲባል ጆሮውን ቢሰጥ አያስነቅፈውም። ስለዚህ ነገሩን ከማውገዛችንም ከማወደሳችንም በፊት፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከሥሩ ልንመረምረው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢትኮይን የሚባለው የመጀመሪያው ክሪፕቶ ገንዘብ ሥራ የጀመረው በጥር 2009 ነው። የትኛውም መንግሥት አላተመውም፤ የትኛውም ባንክ አይጠብቀውም። ማን ለማን ምን ያህል እንደላከ የሚጻፍበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ የመዝገቡም ቅጂ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል። በዚህ መዝገብ ላይ አዲስ ገጽ ለመጨመር ኮምፒውተሮች የቁጥር እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ። በየ10 ደቂቃው ገደማ አንዱ ያሸንፋል፤ ለአሸናፊውም አዲስ ቢትኮይን ይሰጠዋል። ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ሽልማቱ 3.125 ቢትኮይን ሆኗል። «ማይኒንግ» ወይም ቁፋሮ የሚሉት ይህንን ሽቅድድም ነው።

በዚህ ሽቅድድም የሚሳተፉት ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። ከአዳዲሶቹ አንዱ ብቻ በአንድ ሴኮንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይሞክራል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በሺህ እየተደረደሩ በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ሌት ተቀን ይጮኻሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ግምት መሠረት፣ የቢትኮይን ቁፋሮ በዓመት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ መላው የእስራኤል አገር በዓመት ከሚጠቀምበት ይበልጣል። ከባሕር ዳርቻችን ወደ ደቡብ ስንመለከት የሩተንበርግ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ጭስ ማውጫዎች ይታዩናል። እንደዚያ ያለ አንድ ጣቢያ ያለ ዕረፍት ቢሠራም ይህን ሁሉ ሊመግብ አይችልም።

በተወለድንባት ኢትዮጵያም ይኸው ሥራ ገብቷል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2024 መጀመሪያ ላይ ከ21 የቢትኮይን ቆፋሪ ድርጅቶች ጋር ውል ነበረው፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ድርጅቶች ነበሩ። የመጡትም የኤሌክትሪኩ ዋጋ ርካሽ ስለሆነ ነው። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ዛሬ በሕዳሴው ግድብ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቆፋሪ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ኃይል ነው። የአገሩ ብሔራዊ ባንክ ግን በ2022 በክሪፕቶ መገበያየትና መክፈል ያልተፈቀደ መሆኑን ለሕዝቡ አስታውቋል።

እንግዲህ ወንዝ የሚጠይቀውን ሥራ በኪሳችን ያለው ስልክ እንዴት ይሠራዋል? አይሠራውም። አፕል በሰኔ 2018፣ ጉግል ደግሞ በሐምሌ 2018 ስልኩን ራሱን የሚያስቆፍር አፕ በመደብራቸው እንዳይቀርብ ከልክለዋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ባትሪ ይጨርሳል፣ ስልኩንም ያግላል። ስለዚህ ከመደብሩ ያወረድነው አፕ «ስልክህ እየቆፈረ ነው» ቢለን፣ ወይ ደንቡን ጥሷል፣ ወይ ቃሉን በሌላ ትርጉም ተጠቅሞበታል፣ ወይ ዋሽቶናል።

በሰው ዘንድ በብዛት የሚታወቀውን እንውሰድ። ፓይ ኔትወርክ የሚባለው አፕ በመጋቢት 14 ቀን 2019 የተጀመረው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተማሩ ሰዎች ነው። ተጠቃሚው በየ24 ሰዓቱ አንድ ምልክት ይነካል፤ ሌላ ሰው ሲጋብዝ የሚቆጠርለት ይጨምራል። ንክኪው እንቆቅልሽ አይፈታም፤ «ዛሬም አለሁ» ማለት ብቻ ነው። አፑ ለመንካት ገንዘብ አላስከፈለም፤ ይህንን በሐቅ መናገር ይገባል። ነገር ግን ሰው የሰበሰበውን ለስድስት ዓመት ያህል በውጭ ገበያ ሊሸጠው አልቻለም። ገበያው የተከፈተው በየካቲት 20 ቀን 2025 ነው። የአንዱ ፓይ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ወደ 3 ዶላር ተጠጋ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ግን ከግማሽ ዶላር በታች ነበር። በየካቲት መጨረሻ በ1,000 ፓይ የቤት ዕቃ እገዛለሁ ብሎ ያቀደ ሰው፣ በነሐሴ ከስድስት እጅ አምስቱን አጥቶ አገኘው። የሸጡም፣ ያተረፉም አሉ። ይሁን እንጂ በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ደመወዝ አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አባቶቻችን ይህንን ያዩ ይመስላሉ።

ከዚህ የባሰም አለ። ሉክአውት የተባለው የስልክ ደኅንነት ድርጅት በ2021 «እንቆፍርላችኋለን» የሚሉ ከ170 በላይ የሐሰት አፖችን አጋልጧል። 25ቱ በጉግል መደብር ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከ93,000 በላይ ሰዎችን አታልለው ቢያንስ 350,000 ዶላር ወስደዋል። አፖቹ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር የሚያድግ ቁጥር ማሳየት ብቻ ነበር። ሰው «ፍጥነት ለመጨመር» ይከፍላል፤ ላውጣ ሲል ግን አይወጣም። በሌሎችም ዘንድ ዘዴው ይታወቃል፤ ገንዘቡን ለማውጣት መጀመሪያ «ግብር» ወይም «ማስለቀቂያ» ክፈሉ ይላሉ። ወገኖቻችን ይህንን ልብ በሉ፤ በእስራኤል አገር ግብር የሚከፈለው ለመንግሥት ነው፤ ለአፕ የሚከፈል ግብር የለም። የግብር ባለሥልጣኑ ከ2018 ጀምሮ ክሪፕቶን የሚያየው እንደ ንብረት ነው፤ ሸጦ ያተረፈ ሰው በአብዛኛው ከትርፉ 25 በመቶ ለመንግሥት ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋሌቱ እንምጣ። ዋሌት ማለት የገንዘብ ቦርሳ ነው ይባላል፤ በእውነቱ ግን ቁልፍ መያዣ ነው። ገንዘቡ ያለው በዚያ ትልቅ መዝገብ ላይ ነው፤ በስልኩ ላይ ያለው የመክፈቻው ቁልፍ ነው። ዋሌት ሲከፈት 12 ወይም 24 ቃላት በተራ ይሰጣሉ። እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። ቃላቱ ከጠፉና ስልኩ ከተበላሸ፣ ሄደን የምንለምነው ጸሐፊ የለም። በዌልስ አገር ኒውፖርት በምትባል ከተማ የአንድ ሰው ቁልፍ ያለበት የኮምፒውተር ዕቃ በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጣለ፤ 8,000 ያህል ቢትኮይን የሚከፍት ነበር። ሰውየው የቆሻሻ ማከማቻውን ለመቆፈር ዓመታት ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በጥር 2025 ክሱን ዘጋው። ደግሞም የተላከ ገንዘብ አይመለስም። በክሬዲት ካርድ ስንታለል ባንክ ሄደን «ይጣራልኝ» እንላለን፤ ከዋሌት የወጣውን ግን መልሱልን የምንለው አካል የለም።

እዚህ ላይ ከእኛው ባህል አንድ መለኪያ እናምጣ። እኛ ቤተ እስራኤል ከኢትዮጵያ ስንመጣ ይዘን ከመጣነው አንዱ እቁብ ነው። በዚህች ከተማ በእቁብ ልጁን የዳረ፣ ቤቱን ያሳደሰ፣ ዘመዱን የረዳ ብዙ ሰው አለ። ባንክ ፊቱን ሲያዞርብን እቁብ አላዞረም። ለምን ይታመናል? ዳኛ ስላለው ነው። ዳኛውን ቤቱን እናውቃለን፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። የሚደርሰንም ገንዘብ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ከጓደኞቻችን ኪስ የወጣና እኛም በተራችን የምንመልሰው ነው። እቁብ ገንዘብ አይወልድም፤ ገንዘብ ያሰባስባል። ስለዚህም ዋሽቶን አያውቅም።

አፑን በዚህ እንመዝነው። ዳኛው ማን ነው? ዋሱ ማን ነው? ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? መልስ ከሌለ፣ ዳኛ የሌለው እቁብ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር የሚስፋፋው በማስታወቂያ ሳይሆን በእኛ መተማመን ነው። «እህቴ ልካልኝ እንዴት እምቢ ልበል?» እንላለን። ዋንኮይን የሚባለው ማጭበርበሪያ በ2014 ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው እንዲሁ ከዘመድ ወደ ዘመድ እየተላለፈ ነው፤ እስከ ኡጋንዳ ድረስ ደርሷል። እውነተኛ መዝገብ እንኳ አልነበረውም። መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በ2017 ተሰወረች፤ ባልደረባዋ ካርል ግሪንውድ በ2023 በአሜሪካ የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ገንዘቡ ሲጠፋ ወንድም ከወንድሙ ተቀያየመ። ኩባንያው ሩቅ ነው፤ የጋበዘን ዘመድ ግን ጎረቤት ነውና ጠቡ የሚቀረው በመካከላችን ነው። እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን ይኸው ነው። ሸቀል ሠርተን እንተካዋለን፤ መተማመናችን ካለቀ ግን እቁቡም ይፈርሳል።

ስለ ልጆቻችንም አንድ ነገር እንበል። ከመርካዝ ክሊታ ዘመን ጀምሮ ልጆቻችን አስተርጓሚዎቻችን ሆነው አድገዋል። የባንኩን ደብዳቤ፣ የቢቱአህ ሌኡሚን ወረቀት እነሱ አነበቡልን። ዛሬም «አያቴ፣ እኔ ልጫንልሽ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ልጁ ይህን የሚያደርገው በፍቅር ነው። ነገር ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የቤተሰብን ገንዘብ ሸክም ሊሸከም አይገባውም፤ ነገሩ ሲበላሽም ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። ወላጅ አጠገቡ ይቀመጥ፤ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅ። ዕብራይስጥ አለማንበብ ከመጠየቅ አይከለክልም። ልጁም ከአፑ ይልቅ ከዚህ ጥያቄ ይማራል።

ስለዚህ ለቤተሰብ ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የዋሌትን 12 ወይም 24 ቃላት ለማንም አትስጡ። «ከድርጅቱ ነኝ» ላለም፣ ለጓደኛም ቢሆን አትስጡ። በወረቀት ጽፋችሁ እንደ ቤት ቁልፍ አኑሩት፤ ፎቶ አታንሱት።

ሁለተኛ፣ ተኡዳት ዜሁታችሁን ወይም የፊታችሁን ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ማን እንደሚቀበለውና ለምን እንደሚፈልገው እወቁ። በሌላ ሰው እጅ የገባ መታወቂያ በስማችን ብድር ሊያስወጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለዚህ ነገር አትበደሩ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። የጡረታንም ገንዘብ አትንኩ። መሞከር የሚፈልግ ሰው ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል ብቻ ይያዝ፤ የሚገዛበት ድርጅትም ከካፒታል ገበያ፣ ኢንሹራንስና ቁጠባ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ያጣራ።

አራተኛ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ ከተታለላችሁ በዚያው ቀን ወደ ባንካችሁ ሂዱ፤ በፖሊስም አመልክቱ። በአገሪቱ የሳይበር ባለሥልጣን ነጻ ስልክ 119 ምክር ይሰጣል። «የጠፋውን እናስመልስላችኋለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ቢመጣ ሁለተኛው ሌባ እሱ ነው።

አምስተኛ፣ አትፈሩ፣ አትፈሩ፤ ማፈር ደግሞ የባሰ ነው። የተታለለ ሰው በኀፍረት ዝም ሲል ቀጣዩ ጎረቤቱ ይታለላል።

ከመንግሥትና ከከተማው አስተዳደርም የምንጠይቀው አለን። ባንኮችና ባለሥልጣናት ስለዚህ ጉዳይ የሚያወጡት ማስጠንቀቂያ ለአረጋውያን በሚገባ አማርኛ በወረቀትም በድምፅም ይቅረብ። በፖሊስ ጣቢያ የሚያመለክት ሰው አስተርጓሚ ያግኝ፤ አስተርጓሚውም ልጁ አይሁን። በየማታናሱ ስለ ስልክና ስለ ገንዘብ ትምህርት ይሰጥ፤ መምህራኖቹም ከእኛው መካከል ይሁኑ። ይህ ልመና አይደለም፤ እንደማንኛውም ዜጋ የሚገባን ነው።

እስከዚያው ግን የራሳችን ዳኞች አሉን። እቁባችን በሚሰበሰብበት ቀን፣ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ይያዝና ማን ምን እንደተላከለት ይነገር። አንዱ የሰማውን ሌላው ይመዝነው። የሚቀጥለው ግብዣ ሲደርሳችሁ ወዲያው ከመንካታችሁ በፊት ወደ ላከላችሁ ዘመድ ደውሉና «ዳኛው ማን ነው?» በሉት።

ቸር ይግጠመን።