በአናጢ ሱቅ ፊልም ስለ ማሳየት

ፊልም ለማየት የግድ ሲኒማ ቤት ያስፈልጋል ብለው ያስቡ ይሆናል። እኔ ግን የሲማዳ መቀመጫ ከሆነችው ከወገዳ የምጽፍልዎ ሌላ ነው። አንድ ንጹሕ አቡጀዲ፥ አንድ የፊልም ማሳያ መሣሪያና ወንበር የሚሠራ አንድ ደግ አናጢ ከተገኙ፥ ሲመሽ ሱቁ ሲኒማ ቤት ይሆናል። መቀመጫውም ከዚያው አይጠፋም።

ይህ የሕልም ወሬ አይደለም። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1993 ባወጣ ጊዜ፥ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እርሱም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ወደ ከተማ አሳየው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዋሽንግተን፥ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፥ በፊልሙ ስም የመጽሐፍና የፊልም ሱቅ ከፈቱ፤ ሱቁም ፊልም የሚታይበትና ሰው የሚወያይበት ቦታ ሆነ። በአዲስ አበባም ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ በዚያው አቈጣጠር በ2015 የመሠረተው የቪዲዮ ጥበብ ፌስቲቫል፥ አጫጭር የሙከራ ሥራዎችን ከተለመደው አዳራሽ ውጭም ለሕዝብ አሳይቷል።

«እሺ፥ ለመዝናናትስ የፍቅር ፊልም አለ፤ ዘጋቢ ፊልም ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱን ከገዛ ታሪካችን እንፈልግለት። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ በፊልም አንሥቶ፥ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ «ያልታወቀው ረኀብ» በሚል ስም ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። በዓመቱ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። ነገር ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ በተራቡት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ረኀቡ እውነት ነበረ፤ ድግሱም እውነት ነበረ። ሁለቱን ጐን ለጐን ያቆማቸው ግን የመቀስ ሥራ ነው። ፍርዱን በቃል የሚናገር ሰው ሳያስፈልግ፥ ተመልካቹ ራሱ ፈረደ። እንግዲህ ፊልም እውነቱን ሳይለውጥ በአቀማመጡ ብቻ ይህን ያህል ኃይል ካለው፥ «ማን ቀጠለው? ለምንስ እንዲህ ቀጠለው?» ብሎ መጠየቅን መማር የተማረ ሰው ዕዳ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሞሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረም የላኩት ዘገባ ብዙ ርዳታ አስገኘ። ሆኖም ደጋው አገራችን ለብዙ ባዕዳን በዚያች የጥቂት ደቂቃ ምስል ብቻ ታወቀ። የጋይንትና የእስቴ ገበሬ ግን ዐውድማም፥ ሠርግም፥ ቀልድም አለው። እነዚህን አንሥቶ የሚያሳይ ልጅ ከየት ይመጣል? በመጀመሪያ ማየትን ከለመዱ ወጣቶች መካከል ይመጣል።

ስለዚህ ዝግጅቱን እንዲህ ያድርጉት። ከባለሥራዎቹ ፈቃድ ያገኙባቸውን፥ ከ15 ደቂቃ የማያልፉ ሦስት ፊልሞች ይምረጡ። ሰጋቱራው ተጠርጎ ይውጣ፤ ሻማና ሲጋራ ወደ ውስጥ አይግቡ። አንዱን ፊልም መጀመሪያ ያለ ድምፅ፥ ቀጥሎ ከነድምፁ ያሳዩ፤ ሙዚቃው ሐሳባችንን ወዴት እንደ ወሰደው ያን ጊዜ ይገለጣል። ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላ መብራት ይብራና ይወያዩ። አንድ አዛውንት «ልጄ፥ የበሬዎቹ ድምፅ የት ሄደ?» ቢሉ ማንም አይሣቅባቸው፤ ከፊልሙ የጐደለውን ነገር ያገኙት እርሳቸው ናቸው። አናጢውንም ይጠይቁ። የጠረጴዛን መጋጠሚያ ፈልጎ የሚያገኝ ዓይን፥ የፊልምንም መጋጠሚያ ለማየት አይሰንፍም።

«20 ሰው ብቻ ቢመጣስ?» ይሉኝ ይሆናል። 20 ሰው ሁሉም ለመናገር ተራ ይደርሰዋል፤ በትልቅ አዳራሽ ግን የሚናገረው አንድ ሰው ነው። እንግዲህ የሚያውቁት አናጢ ካለ ዛሬውኑ ያማክሩት፤ ለመብራቱም የድርሻዎን መክፈል አይርሱ።