ከዘጠኙ አንዱን ማን ይምረጥ?

ኮድ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ፣ ባለሙያዎቹ ስትሪንግ የሚሉትን፣ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ራሱ እየተረጎመ ያሳይ የሚል ሐሳብ ደጋፊው ብዙ ነው። ፕሮግራመሩ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሳል። ለአማርኛ ይህ አይበጅም።

ደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ ገሳይ ላይ ድንች ሸጠው ዋጋውን በስልክ የሚጠብቁ እናት እናስብ። በእንግሊዝኛው መልእክት ላኪው ወንድ ይሁን ሴት፣ ተቀባዩ ልጅም ይሁን አዛውንት ግሱ ያው ነው። አማርኛው ግን «ላከልህ»፣ «ላከልሽ»፣ «ላከችልህ»፣ «ላኩልዎ» እያለ ዘጠኝ ይሆናል። ማሽኑ የያዘው ስምና ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሳይጠይቅ አንዱን ያነሣል። አንቱ ተብለው የኖሩትን እናት ስልካቸው «ላከልህ» ይላቸዋል። ሰው ቢተረጉመው ግን «ከእገሌ 500 ብር ደርሷል» ብሎ ዘጠኙንም ይገላገል ነበር።

ሰዓት ላይ ደግሞ ይብሳል። ቃላቱን ተርጉሞ የፈረንጁን ሰዓት ቁጥር እንዳለ የተወ የቀጠሮ መልእክት «2፡00» ቢል፣ ታማሚው ከገሳይ በሌሊት ተነሥቶ ጠዋት 2 ሰዓት ደብረ ታቦር ይገኛል። ሐኪሙ የቀጠረው ግን ለ8 ሰዓት ነው።

ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ጌትቴክስት የተባለው መሣሪያ ለዚህ ጥንቃቄ አለው። ትርጉሙ ከኮዱ ውጭ በራሱ ፋይል ይቀመጣል፤ ፕሮግራመሩ ለተርጓሚው ማስታወሻ ይተውበታል። ዋናው ጽሑፍ በጥቂቱ ሲቀየር የድሮው ትርጉም «ፈዚ» የሚል ምልክት ይደረግበትና፣ ሰው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስ እንደ ደንቡ ሥራ ላይ አይውልም። ስትሪንግ ውስጥ የተቀበረው ተርጓሚ ግን የሚታረምበት ቦታ እንኳ የለውም። የሚተረጉመው የማሽን ሞዴል ሲቀየር ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሳያየው።

የማሽን ትርጉም ከባዶ ይሻላል የሚሉ አሉ። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛ እስከ 2022 ጠብቀዋል። የሰው ጉጉት ይገባኛል። ነገር ግን ጉግል ትራንስሌት ገብቶ የሚያስተረጉም ሰው ማሽን እንደተረጎመለት ያውቃል። የክፍያ መልእክት የሚደርሰው ሰው ግን ቃሉን የድርጅቱ ቃል አድርጎ ነው የሚያምነው።

ማሽኑ ረቂቁን ያውጣ፤ ረቂቁ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ተከፍሎት ይመርምረው። የአንድ አፕ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መጽሐፍ ያንሳል። ለቢልቦርድ ገንዘብ ያላነሰው ድርጅት ለዚህ አነሰኝ ሊል አይገባም።