ወፍ ዘራሹን ጥድ ማን ይቁጠርለት?

ችግኝ ሲተከል ከበሮ፣ ክሽክሽ ሲበላው ዝምታ!

«በአንድ ጀንበር ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ ተከልን!» የሚለውን ዜና ያልሰማ ጆሮ በዚች አገር የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ተባለ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ560 ሚሊዮን በላይ ተባልን። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር የዜና አንባቢው ድምፅም አብሮ ያድጋል። ይሁን! ዛፍ መትከልን የሚጠላ ጤነኛ ሰው አላውቅም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ፎቶ ሳይነሳበት፣ በአሮጌው ጥድ አካባቢ ራሱ የበቀለውን ቡቃያ የቆጠረ ሹም ለመሆኑ ማን ነው?

አባቶቻችን ለእንዲህ ዓይነቱ ቡቃያ ስም አውጥተውለታል፤ «ወፍ ዘራሽ» ይሉታል። የሐበሻ ጥድ ደግሞ እውነተኛ ወፍ ዘራሽ ነው። ወፍ ፍሬውን ትበላለች፣ ዘሩን ወስዳ ሌላ ቦታ ትጥለዋለች፣ ከዚያ ዝናብና ዕድል ካገኘ ይበቅላል። አበል የለው፣ ቲሸርት የለው፣ ካሜራ የለው! ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ከሪፖርት የተሰረዘው።

ሁለት ጥዶች፣ ሁለት ጠባይ

ከተሜው ሁሉንም «ጥድ» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን የፈረንጅ ጥድና የሐበሻ ጥድ ለየቅል ናቸው። የፈረንጁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። በችግኝ ጣቢያ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ አጥርም ጣውላም ይሆናል። የደን ሹሞች የወደዱት ለዚህ ነው።

የሐበሻው ዝግተኛ ነው። ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ናቸው። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም፤ ስለዚህም ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥር ቋሚ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲፈለግ ኖሯል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ሲቆረጥ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ ቆርጠህ ብትሄድ ስትመለስ ሦስት ሆኖ ይጠብቅሃል። ጥድ ቆርጠህ ብትሄድ የሚጠብቅህ ደረቅ ጉቶ ነው። ዘሩ ካልበቀለ ዘር ማንዘሩ አለቀ ማለት ነው።

ዘሩስ እንዴት ይበቅላል? ገና በፍሬው ውስጥ እያለ ተርብ መሰል ደቃቅ ነፍሳት እንቁላላቸውን ይጥሉበትና እጮቹ ከውስጥ ይበሉታል። ውጪው ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ልክ እንደ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት! ከዚያ የተረፈው መሬት ቢወድቅ ለማደግ ብርሃን ይፈልጋል። ከጥቅጥቅ ጥላ ሥር ቀጭጮ ይቀራል። ብርሃን ያለው ደግሞ ዛፍ በተነሳበት ክፍት ቦታ ነው። በዚያ ክፍት ቦታ የሚውለው ማን ነው? ፍየል፣ በግና ከብት! እናም ወፍ የዘራችውን ፍየል ትቀጥፈዋለች፤ ከፍየል የተረፈው በሰኮና ይረገጣል።

እንግዲህ በአንድ ደን ውስጥ ትልልቅ ጥዶች ቆመው ስላየን ብቻ «ደኑ አለ» ማለት አንችልም። ከሥራቸው ተተኪ ከሌለ ያ ደን የሽማግሌዎች ማኅበር ነው። ሁሉም በየተራው ሞቶ ያልቃል። በሰነድ ግን ደን ነው!

የጎረቤት ቤት ሲቃጠል

አሁን ወደ ክሽክሹ ልምጣ። የጥድ ክሽክሽ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት አለች። በቀንበጡ ቅርፊት ላይ ተጣብቃ የዛፉን ፈሳሽ ትመጣለች፤ ምራቋም ለዛፉ መርዝ ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ከዘውዱ ውስጥ ጀምሮ እየደረቀ ወደ ውጭ ይወጣል። ከላይዋ የሚንጠባጠበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥቁር ሻጋታ ይጠራና ቅርንጫፉ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። እንስቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ስለዚህ ጥቂቶች ሲገቡ ብዙ ለመሆን ጊዜ አይፈጅባቸውም። ዋና ምግቧ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የሐበሻውንም አትምርም።

ይህቺ ጉድ አፍሪካ ውስጥ የታየችው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ታወቀች። ከዚያ ታንዛኒያ፣ ቡሩንዲ፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳ እያለች እ.ኤ.አ. በ1990 ኬንያ ደረሰች። በዚያው ዘመን በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች የገደለችው ዛፍ 44 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚያወጣ፣ በየዓመቱም ከዛፎች ዕድገት 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደምታስቀር ተገምቶ ነበር። ማላዊና ኬንያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ክሽክሹን ብቻ የምታጠቃ «ፓዌሲያ ጁኒፐሮረም» የምትባል ደቃቅ ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደናቸው ውስጥ ለቀቁ። ጠላትን በጠላቱ ማለት ይህ ነው!

እኛስ? ክሽክሿ አገራችን መግባቷ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ነው። ልብ በሉ ወገኖቼ! ኬንያ ጎረቤታችን ናት። ከኬንያ እስከ እኛ ከአሥር ዓመት በላይ ማስጠንቀቂያ ነበረን። «ጎረቤትህ ቤቱ ሲቃጠል ውኃ ያዝ» የሚለውን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል? የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ደግሞ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ተቀምጧል። ደንቡ መደርደሪያ ላይ፣ ክሽክሿ ጥዱ ላይ!

አንበጣ በ2012 ዓ.ም. ምሥራቅ ኢትዮጵያን ሲወርር አገር ጮኸ፤ ሰው ቆርቆሮ እየመታ ወጣ፣ አውሮፕላን መርጨት ጀመረ። አንበጣ ሰማይ ሲያጠቁር ይታያልና። ክሽክሽ ግን ሰማይ አታጠቁርም፤ ዝም ብላ ትመጣለች። ባለሥልጣኖቻችን ደግሞ የማይጮህ ጠላት አይታያቸውም።

ስም ሲቀያየር ደን አይበቅልም

ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ነበረ። እሱ ተሻረና 542/1999 መጣ። እሱም ተሻረና 1065/2010 መጣ። መሥሪያ ቤቱም እንደዚያው ነው። በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 «የኢትዮጵያ የደን ልማት» ተባለ። በየስሙ ማኅተም ይቀረጻል፣ በየስሙ ሰሌዳ ይሰቀላል። የጫካ ጠባቂው ግን የድሮው ጠባቂ ነው፤ የሚለብሰውም የድሮውን ካፖርት ነው። ሚኒስቴር ሲሆን የበቀለ፣ ኮሚሽን ሲሆን ያፈራ ጥድ ካለ ይነገረን!

እዚህ አቦከር ቁጭ ብለን ይህ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ያገባናል! በጁገል በሮች በጠዋት የሚገባውን እንጨት እዩ። በአህያም በሰው ጀርባም ይመጣል። ያ እንጨት ከየት ይመጣል ብላችሁ ታውቃላችሁ? በየዓመቱ ከራቀ ቦታ ነው። ወደ ሐኪም ጋራ ቀና በሉና ጥዱን ቁጠሩ፤ ቆጥራችሁም ንገሩኝ። የሐረርጌ ጥድ ዛሬ የሚነገርለት እንደ ጋራ ሙለታና እንደ ድንድን ባሉ ከፍታዎች ላይ በተረፈው ነው። ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው የሐረማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ደርቆ አይተናል። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ፓምፑም፣ መስኖውም፣ ከተራቆተው ተዳፋት እየታጠበ የገባው ደለልም ነበረበት። በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም ትምህርቱን መርሳት የለብንም። ተራራው ሲራቆት ጄሪካን ይዞ የሚሰለፈው ከተሜው ነው።

ተሸካሚዋ ትከሰስ?

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። ደን አለቀ ሲባል ጣት ወዲያው የሚቀሰረው እንጨት ተሸካሚዋ ሴት ላይ ነው። ጀርባዋ ጎብጦ፣ በባዶ እግሯ የምትገባዋ እሷ ወንጀለኛ ተደርጋ ትቀርባለች። ኧረ ተዉ! እሷ የምትሸከመው እኛ ስለምንገዛ ነው። እኛም የምንገዛው የመብራቱ ነገር ስለማይታመን፣ ምጣዱም ስለሚወደድ ነው። እረኛውም ቢሆን ፍየሉን ወደ ደን የሚነዳው ሌላ ግጦሽ ስላጣ ነው። ለእሷም ለእሱም አማራጭ ሳይሰጡ ክስ ብቻ መስጠት ደን አያድንም። ክሽክሿንስ ተሸካሚዋ ናት በጀርባዋ ያስገባችው?

ሌላም ክርክር ይመጣል። «ሕዝብ ዳቦ አጥቶ አንተ ስለ ጥድ ቅማል ታወራለህ!» የሚል። ዳቦው የሚበቅለው መሬት ላይ ነው ወንድሜ። መሬቱን የሚይዘው ሥር ነው። ሥሩን የሚያደርቀውን ነፍሳት መናቅ ዳቦውን መናቅ ነው። «ታዲያ አንትከል ነው የምትለው?» የሚለኝም አለ። አላልኩም። ተራቁቶ የቆየ፣ ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በአቅራቢያው የሌለ ተዳፋት ካልተተከለ አይበቅልም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ እንዳስተከሉ ይነገራል። ያ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ግን በአንድ ቀን ተከላ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ትውልድ በትውልድ ሲተካ ስለኖረ፣ ጠባቂም ስለነበረው ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ የዕድሜ ልክ።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ እንዳይሆን የምጠይቀውን ልዘርዝር። አንደኛ፣ የተተከለውን ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘውን ቁጠሩና ንገሩን፤ የሚቆጥረውም የተከለው መሥሪያ ቤት አይሁን። ሁለተኛ፣ ወፍ ዘራሽ ጥድ ያለበትን ቦታ ከአካባቢው ሰው ጋር ተስማምታችሁ ከከብት ለይታችሁ አቆዩት፤ ሣሩን አጭዶ የሚወስደው ባለቤቱ ገበሬ ይሁን። አጥሩ ከሚሊዮን ችግኝ ይረክሳል፤ ዘሪዋ ወፍም ደመወዝ አትጠይቅም። ሦስተኛ፣ የፈረንጅ ጥድን ብቻውን ተራራ ሙሉ መደርደር ይብቃ። አንድ ዓይነት ዛፍ ጎን ለጎን መደርደር ለክሽክሽ ድግስ መደገስ ነው። የሐበሻው ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ይቀላቀሉበት። አራተኛ፣ ክሽክሿ ዛሬ የት የት እንዳለች፣ ምን ያህል እንደገደለች በየዓመቱ ተጠንቶ ለሕዝብ ይውጣ፤ ጎረቤቶቻችን የለቀቋት ተርብ ለእኛም ትበጅ እንደሆነ ባለሙያዎቻችን ይጠየቁ፣ ሲናገሩም ይደመጡ። አምስተኛ፣ ለከተማው ማገዶ መላ ይፈለግ፤ ተሸካሚዋን ከማባረር በፊት እንጀራዋን አስቡ።

እነዚህ ሁሉ የድግስ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት ዓይንና ትዕግሥት ነው። ችግሩ ትዕግሥት በምሽት ዜና አይታይም። አጥር ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድገው የጥድ ቡቃያ ጭብጨባ አያስገኝም፤ ሹመትም አያስገኝም። የሚያስገኘው ከ50 ዓመት በኋላ ለማናውቃቸው ልጆች ጥላ፣ ምሰሶና ውኃ ነው። ያን ጊዜ ዛሬ የሚሾመውም የሚሻረውም አይኖርም።

መጪው ክረምት ሲመጣ እንደገና ቁጥር ይነገረናል። ያን ጊዜ እያንዳንዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የአምናውስ የት ደረሰ?» ይህን የምትጠይቁት በርክተው ከተገኙ፣ ቆጣሪዎቹም መቁጠሪያቸውን ማስተካከላቸው አይቀርም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!

ከሐረር፣ አቦከር