ዲምቱ ላይ ሆናችሁ ዌብሳይት ስትከፍቱ፦ ሊኑክስ ወይስ ዊንዶውስ?

ሰሞኑን ከዲምቱ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰን። ጠያቂዎቹ አራት ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱ ተመርቀው ሥራ እየፈለጉ ነው፣ ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። የበቆሎና የዝንጅብል የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ የሚለጠፍበት ዌብሳይት ላፕቶፕ ላይ ሠርተው ጨርሰዋል። ሆስቲንግ ሊገዙ ሲሉ ግን "ሊኑክስ ወይስ ዊንዶውስ?" የሚል ምርጫ መጣባቸውና ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን "የተማርነው ሲ ሻርፕ ነው፣ ዊንዶውስ ይሁን" ይላል። ሌላው "ሊኑክስ በነጻ እያለ ለምን እንከፍላለን?" ባይ ነው። ያዋጡት ብር የሚበቃው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከተሳሳቱ ሌላ ብር የለም። "እናንተ ፍረዱን" ብለው ጻፉልን።

እንፈርዳለን። ግን ጉዳዩ የአራት ልጆች ብቻ ስላልሆነ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረትና ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ስትሆን የቢሮው ስምም፣ ማኅተሙም፣ ታፔላውም ተቀየረ። አዲስ ቢሮ ውሎ አድሮ አዲስ ዌብሳይት ይፈልጋል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ የግል ኮሌጁ፣ ሆቴሉ ሁሉ አንድ ቀን እዚሁ ምርጫ ላይ ይደርሳል። ያን ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ዌብሳይቱን የሚሠራው ልጅ በለመደው ነው። ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሰርቨሩ ወላጅ አልባ ይሆናል። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

ለማያውቅ ሰው፦ ዌብሳይት የሚቀመጠው ሃያ አራት ሰዓት በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። ዲምቱ ያለ ልጅ የሚከራየው ሰርቨር አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፣ ጀርመንም ሊሆን ይችላል። ያ ኮምፒውተር እንደማንኛውም ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይፈልጋል። ሊኑክስ የሚለው ስም ካስፈራችሁ አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ ይህን ጽሑፍ በቴክኖ፣ በኢንፊኒክስ ወይም በሳምሰንግ የምታነቡ ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ራሱ የሚሠራው በሊኑክስ አስኳል ላይ ነው። አንድሮይድ የተገነባው በእሱ ላይ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ዌብሳይቶችም አብዛኞቹ የሚቀመጡት በሊኑክስ ሰርቨር ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚያልቀው እዚያ ነውና። የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ላይሰንስ ለ16 ኮር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያኔ 57 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ላይሰንስ ዛሬ መቶ ሺውን በደንብ አልፏል። "እኛ እኮ የምንከራይ ነን፣ ላይሰንስ አንገዛም" ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ነው፤ ግን አከራዩ ዋጋውን ከወርሃዊው ኪራይ ጋር ነው የሚደምረው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር ከነስክሪኑ ሲጫን በትንሹ 2 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ትንሽ የሊኑክስ ዌብሳይት በ1 ጊጋባይት፣ አንዳንዴም በግማሹ ይኖራል። ራም በጨመረ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል። ክፍያው በውጭ ካርድ ከሆነ ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ መለመን አለ፤ እሱን ጣጣ የማያውቅ የለም።

እዚህ ጋ "ክራክ እንጭናለና" የሚል አይጠፋም። ላፕቶፕ ላይ ስንለምደው አድገናል፣ አንካድም። ሰርቨር ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ክራኩን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አታውቁም፤ ውስጡ ምን እንዳስቀመጠም አታውቁም። ላፕቶፕ ማታ ይዘጋል፣ ሰርቨር ግን ሌሊቱን ሙሉ ለዓለም ክፍት ነው። የገበሬውን ስልክ ቁጥር እዚያ ላይ ካስቀመጣችሁ ጉዳዩ የእናንተ ብቻ አይደለም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቀው ያስገድዳል።

ታዲያ ሊኑክስ ነጻ ነው ማለት ነው? ለሶፍትዌሩ አትከፍሉም። የምትከፍሉት በጊዜያችሁ ነው። ይህንን በራሳችን ስላየነው እንንገራችሁ።

እኛም ዌብሳይት ነበረን። ዛሬ በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ የምታገኙን ወደን አይደለም። ስሙን የማንጠራው አንድ አከራይ ዘንድ በዎርድፕሬስ ሠርተን አስቀምጠን ነበር፤ ሰርቨሩ የሚሠራው ሴንት ኦኤስ 7 በሚባል የሊኑክስ ዓይነት ነበር። ሴንት ኦኤስ በነጻ የሚገኝ፣ ጠንካራ ስም የነበረው ሲስተም ነው። ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አበቃ። አበቃ ማለት ከዚያ በኋላ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። አከራዩ አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። ዌብሳይቱ በማግሥቱም ይከፈት ስለነበር ምንም የተፈጠረ አልመሰለንም። ክፋቱ ይሄ ነው፤ ድጋፍ ሲያልቅ የሚጮህ ደወል የለም።

ከወራት በኋላ አንድ ተከታታያችን "ገጻችሁን ስከፍት ቁማር ቤት ይወስደኛል" ብሎ ጻፈልን። ስንገባ እውነትም ነው። የዎርድፕሬሱን ተጨማሪዎችም ለዓመት ያህል አላደስናቸውም ነበር፤ የኛ ጥፋት እሱ ነው። ባካፑ የት ነው? እዚያው ሰርቨር ላይ። የሦስት ዓመት ጽሑፍ አብሮ ሄደ።

የሴንት ኦኤስን ታሪክ ያነሣነው በሌላም ምክንያት ነው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረውን ሴንት ኦኤስ 8ን በታኅሣሥ 2014 እንደሚያቆመው ተናገረ። በእሱ የተማመኑ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀሩ። በምትኩ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ መጡ፤ ሮኪን የጀመረው ከሴንት ኦኤስ መሥራቾች አንዱ የነበረው ግሬጎሪ ኩርትዘር ነው። እና "ሊኑክስ ነው፣ ይበቃናል" የሚል ሰው የትኛው ሊኑክስ፣ የትኛው ቁጥር፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ አለበት። ኡቡንቱ 24.04 ለምሳሌ በሚያዝያ 2016 ወጥቶ የአምስት ዓመት ድጋፍ ስላለው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ያስኬዳል።

ዊንዶውስም ቀን አለው። ሰርቨር 2012 መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። ሰርቨር 2016 ደግሞ ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ለተጨማሪ ጊዜ ከፍሎ ማራዘም ይቻላል፤ በዶላር።

ደህንነትስ? "ዊንዶውስ ቫይረስ ይወዳል፣ ሊኑክስ አይነካም" የሚባለውን እኛ አንቀበለውም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ዘጋ፤ በዓለም ዙሪያ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ቆሙ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ በሚገኝ ኤክስዜድ በሚባል ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ገርሞት ሲቆፍር አገኘው። ሰውየው የሚሠራው ደግሞ ማይክሮሶፍት ነበር! ሁለቱም ወገን ላይ የሚያድነው በጊዜው አፕዴት የሚያደርግ ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ዲምቱን የሚመለከት ነገር። መብራትና ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ሰርቨር ማስተዳደር እንዴት ይሆናል? ሊኑክስን የምታዙት በጽሑፍ ነው። የሚመላለሰው ዳታ ጥቂት ፊደል ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል። ላፕቶፑ ባትሪ ቢጨርስ ተርሙክስ የሚባለውን መተግበሪያ አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ከዚያው መግባት ትችላላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የለመደው የሰርቨሩን ስክሪን እንዳለ ከሩቅ ከፍቶ በማውስ መሥራት ነው። ምስል ነው የሚመጣው፤ ኔትወርኩ ሲያንቀላፋ ማውሱም አብሮ ያንቀላፋል። ዊንዶውስም በጽሑፍ ይታዘዛል፣ ግን የሚያዘው ሰው ጥቂት ነው።

ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር ስትጭኑ የሚያጋጥማችሁን ሁለት ወጥመድም ቀድመን እንንገራችሁ። አንደኛው ምስሎች መጥፋታቸው ነው። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ የፋይል ስም በትልቅ ፊደል ቢጀምርና ኮዱ ውስጥ በትንሽ ቢጻፍ ችግር የለም፤ አንድ ነው ይላል። ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይላል፣ ምስሉንም አያመጣም። እኛ በዚህ አንድ ሙሉ ሌሊት አጥተናል።

ሁለተኛው የጥያቄ ምልክት መዓት ነው። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ያለ ችግር ይቀመጣል። አማርኛው ግን "????" ሆኖ ይመለሳል። ይህ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጥፋት አይደለም፣ የዳታቤዙ ነው። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት ሲጫን በነባሪው የሚጠቀመው ፊደል የኛን አይይዝም ነበር፤ ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይም የአምዱ ዓይነት ዩኒኮድ ካልሆነ ያው ነው። ከፍታችሁ ጥቂት የአማርኛ ቃላት አስገብታችሁ ሳታዩ ለሰው እንዳትናገሩ።

አሁን ፍርዱ። "ሲ ሻርፕ ስለተማርን ዊንዶውስ" የሚለው ክርክር ከዓመታት በፊት ትክክል ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አዲሱ ዶት ኔት ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ የሠራው ማይክሮሶፍት ራሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮጀክታችሁን ክፈቱና እዩ። የተሠራው በአሮጌው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4 ከሆነ ሊኑክስ አይቀበለውም፤ ወይ ወደ አዲሱ ታሻግሩታላችሁ ወይ ዊንዶውስ ትከራያላችሁ። በአዲሱ ከሆነ ሲ ሻርፓችሁን ሳትጥሉ ኡቡንቱ ላይ መጫን ትችላላችሁ። ኤስኪውኤል ሰርቨርን ግን እንድትተዉት እንመክራለን። ሊኑክስ ላይ ቢሠራም ለብቻው 2 ጊጋባይት ራም ስለሚፈልግ ያዋጣችሁትን ብር ይበላዋል። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ለገበያ ዋጋ ከበቂ በላይ ነው።

ወረዳ ወይም ዞን ላይ ያለ ቢሮ ከሆነ የሚጠይቀን መልሳችን ትንሽ ይለያል። ለዓመታት በዊንዶውስ ላይ የቆመ የሠራተኛ ወይም የመዝገብ ሲስተም ካለው፣ የሚያውቀው ባለሙያም እዚያው ቢሮ ውስጥ ካለ፣ በፋሽን ምክንያት ወደ ሊኑክስ አይሂድ። የሚያሳስበን ቀኑ ያለፈበትን ዊንዶውስ ማንም ሳይነካው የሚያቆየው ቢሮ ነው።

ስለዚህ ለዲምቱ ልጆች፦ ሊኑክስ ይሁን፤ ኡቡንቱ 24.04 ወይም ዴቢያን። ፓስወርዱን ቢያንስ ሁለታችሁ ያዙት፤ ከሁለቱ አንዱ ተማሪ ይሁን፣ ተመራቂው ሥራ ካገኘ መሄዱ አይቀርምና። ዶሜኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ወረቀት ላይ ጻፉት። ባካፑን በየሳምንቱ ወደ ላፕቶፕ አውርዱ፤ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ ባካፕ ምን እንደሚሆን ከኛ አይታችኋል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አከራዩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የትኛው ቁጥር ነው፣ ድጋፉ መቼ ያበቃል፣ አፕዴት የሚያደርገው እሱ ነው ወይስ እናንተ? ቀኑን መናገር ካልቻለ ሌላ ፈልጉ።

ሌሎቻችሁም የምትሠሩበት ቢሮ ወይም የምትማሩበት ኮሌጅ ዌብሳይት ካለው ይህንኑ ጠይቁና መልሱን በውስጥ መስመር ላኩልን። ሰርቨር 2016 ላይ ያላችሁ እስከ ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው ጊዜያችሁ።