የውሻው ክትባትና የቀይ ቀበሮው ህልውና

የክረምቱ ጉም ተገፎ መስኩ በአደይ አበባ ሲያጌጥ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የእግር ጉዞ ወዳዱን ሁሉ ይጠራል። ለመስቀል በዓል ወደ ደጎሎ፣ ወደ መካነ ሰላም ወይም በዙሪያቸው ወደሚገኙ ቀበሌዎች የሚመለሱ ተማሪዎች በበዓሉ ማግስት ስንቃቸውን ቋጥረው ተራራ ቢወጡ የሚያስደንቅ አይደለም። የቤቱ ውሻም ጌቶቹ ከደጅ ሲወጡ ካየ ሳይጠራ ይከተላል።

ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። የፓርኩ እምብርት ከጥንት ጀምሮ ደንቆሮ ጫካ እየተባለ የሚጠራው ደን ነው። ተጓዡ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ትልልቆቹ ዛፎች ለአስታ፣ አስታውም ለጓሳና ለጅብራ ቦታውን ይለቃል። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውኃ ወደ አባይ ገብቶ እስከ ህዳሴ ግድብ፣ እስከ ንጋት ሐይቅ ድረስ ይጓዛል። ውሻው አፍንጫውን ከመሬት አጣብቆ በጓሳው መካከል ፊት ፊት ሲሮጥ የቀኑ ደስታ የተሟላ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ውሻው ከዚያ ጓሳ መድረስ አልነበረበትም።

ለምን? ጓሳው ባለቤት ስላለው ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ የሚባለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘር ሐረጉ ለተኩላ የቀረበ እንስሳ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለው ደጋ ለእነርሱ እንደ ደሴት ነው፤ በዙሪያው ያለው ሸለቆና እርሻ ደግሞ እንደ ባሕር ይከባቸዋል። በአንዱ ደሴት ያሉት ቢያልቁ ከሌላው መጥቶ የሚተካቸው አይኖርም። ከአባይ ማዶ በጎጃም በሚገኘው በጮቄ ተራራ ይኖሩ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ጠፍተው የቀሩ መሆናቸው ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ውሻ ወደዚህ ደሴት ይዞት ከሚገባው አደጋ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የበሽታው ቫይረስ በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከዚያም ወደ ምራቅ እጢዎች ይወርዳል። የሕመሙ ምልክት ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል «የእኔ ውሻ ጤነኛ ነው» የሚለው አነጋገር ዋስትና አይሆንም። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው ብቻውን ቢሆንም የሚኖረው በቡድን ነው፤ ጠዋትና ማታ እየተገናኙ ይላላሳሉ፣ ድንበራቸውን በጋራ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ የዌብ ሸለቆ በተከሰተው ወረርሽኝ በአካባቢው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ባሌ ብዙ ቀበሮዎች ስላሉት እንደገና ሊያገግም ችሏል። ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የቀሩበት የቦረና ደጋ ግን እንዲህ ያለውን አደጋ እንዴት ይቋቋማል?

«ታዲያ ውሾቹን መግደል ነው» የሚሉ አይጠፉም። ይህ አስተያየት ሁለት ስሕተት አለበት። በመጀመሪያ ውሻ ለደጋው ገበሬ ቅንጦት አይደለም፤ በሌሊት በረቱን ከጅብ፣ በቀን በጎቹን ከአውሬ የሚጠብቅለት አጋዡ ነው። ሁለተኛም፣ የተገደለው ውሻ ቦታ ብዙም ሳይቆይ ባልተከተቡ ቡችሎች ይተካል፤ የተከተቡትም አብረው ከተገደሉ በሽታው መንገዱ ሰፋለት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በአንድ አካባቢ ከሚገኙት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተከተበ ውሻ በሽታውን የሚያቆም ግድግዳ ነው። ግድግዳን አፍርሶ ቤትን ከንፋስ መጠበቅ አይቻልም።

ጉዳዩ የዱር አራዊት ወዳጆች ብቻ ጉዳይ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቀይ ቀበሮውን የሚያድነው መርፌ የእረኛውንም ልጅ ያድናል። አንድ መርፌ ለሁለት ሕይወት ይህን ያህል የሚጠቅምበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ተማሪ ምን ያድርግ? ተራራውን ይውጣ፤ ውሻውን ግን እቤት ይተው። ወላጆቹና ጎረቤቶቹ ውሾቻቸውን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም አቅርበው እንዲያስከትቡ ያስረዳ። በውሻ የተነከሰ ሰው ሲያይ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው። የተማረው ባዮሎጂ ለፈተና ብቻ ካልሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። እርሱ ያረፈበት ሴፕቴምበር 28 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በእጃችን ያለ መድኃኒት ከደንቆሮ ጫካ ግርጌ ላሉት ውሾች ሳይደርስ ቀርቶ ቀይ ቀበሮው ከቦረና ቢጠፋ በእውቀት ማነስ ልናሳብብ አንችልም።